ዋሽ ምንድን ነው?

ቃሉ አማርኛ ለለመደ ጆሮ ግራ ያጋባል። አንድ የሞዴል አውሮፕላን ሠሪ ለጓደኛው «ክንፉን ዋሽ አድርገው» ሲል የሰማ ሰው ስለ ውሸት የሚያወሩ ይመስለዋል። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ማጠብ ማለት ነው። እንደ ውሃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም፣ ተቀብቶ ባለቀ ሞዴል ላይ ይለቀቃል፤ ከዚያ ይጠረጋል። ጎድጎድ ያለው ቦታ ውስጥ የገባው ይቀራል፣ ፊቱ ላይ ያለው ይነሳል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ግን የአማርኛውን ስሜት እመርጣለሁ። ዋሽ በእርግጥም ውሸት ነው፤ ዓይን የሚያታልል የጥላ ውሸት። መጠኑን ካላወቁበት ደግሞ ቶሎ ይነቃበታል።

ውሸቱ ለምን አስፈለገ? በ1/48 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ፣ የተሠራ ስፒትፋየር የተባለ የጦር አውሮፕላን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። ቀለሙ ልክ ነው፣ ምልክቶቹም ቦታቸውን ይዘዋል። ግን መጫወቻ ይመስላል። አውሮፕላኑን 48 ጊዜ አሳንሰነዋል፤ ብርሃኑን ግን ማሳነስ አንችልም። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ የቆርቆሮው መገጣጠሚያ፣ የሞተር ሽፋኑ ጠርዝና የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስንጥቅ ሁሉም የየራሳቸው ጥላ አላቸው። ሞዴሉ ላይ ጥልቀቱ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥምና ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥላውን እኛ በቀለም እንሠራዋለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሞዴሉ ላይ ያለው መስመር 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ በ48 ሲባዛ ወደ 1 ሴንቲሜትር ይጠጋል። በ1/72 ስኬል ከሆነ ደግሞ ከ14 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። እውነተኛው ክንፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ማን አይቶ ያውቃል? ሞዴሉን ያመረተው ፋብሪካ ገና ከመነሻው አጋንኖታል ማለት ነው። ያንን መስመር በድፍን ጥቁር ስንሞላው ማጋነኑ በእጥፍ ይጨምራል፤ አውሮፕላኑ በብሎኬት የተገነባ ይመስላል። ጥቁር ዋሽ የማልወደው ለዚህ ነው። አረንጓዴና ቡኒ ካሙፍላጅ (ከአካባቢው ጋር የሚያመሳስል የጦር ቀለም) ላይ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ግራጫ ላይ ከሱ ጠለቅ ያለ ግራጫ፣ ነጭ ላይ መካከለኛ ግራጫ ይበቃል። ጥቁር አውሮፕላን ላይማ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋሹ ከመሠረቱ ቀለም ፈካ ማለት አለበት።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንምጣ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። አብዛኛው ሰው መሠረቱን በአክሪሊክ፣ ዋሹን በኢናሜል የሚሠራበት ምክንያት አለው። አክሪሊክ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይጣበቁና አንድ ሽፋን ይሆናሉ። አንዴ በደንብ ከደረቀ ውሃ መልሶ አይፈታውም። ኢናሜል ሌላ ባሕርይ አለው። ዘይት ያለበት ሙጫ ኋይት ስፒሪት በሚባል ቲነር፣ ማለትም ማቅጠኛ ፈሳሽ፣ ቀጥኖ የተሠራ ነው። ቲነሩ ቶሎ ይተናል፤ ሙጫው ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ቀናት ይወስዳል። ለቀቢ የሚያስጠላው ይህ ቀርፋፋነት ለዋሽ ሠሪ በረከት ነው። የተቀባውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጥረግ ይቻላል። ከሰዓታት በኋላም ቢሆን ቲነር የነካ ጥጥ ያነሳዋል። የኢናሜል ቲነር ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ከሥር ያለውን የደረቀ አክሪሊክ አይነካም። ሁለቱ ቀለሞች ተደራርበው ሳይበላሉ ይኖራሉ።

መሠረቱም ኢናሜል ከሆነስ? ያኔ ዋሹን ስትጠርጉ መሠረቱም አብሮ ሊነሳ ይችላል። መሃላቸው የአክሪሊክ ቫርኒሽ ካስገባችሁ ግን ችግር የለም። አንድ ነገር አደራ፦ የኢናሜል ቲነርና የላከር ቲነር አንድ አይደሉም። ላከር ቲነር ኃይለኛ ነው፤ አክሪሊኩንም፣ ፕላስቲኩንም ይበላል። ጠርሙሶቹን አጠገብ ለአጠገብ አታስቀምጡ። በአክሪሊክ የሚሠራ ዋሽም አለ፤ ሽታ የለውም፣ ለጤናም ይሻላል። ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቅና ጠርዙ ላይ የሻይ ስኒ የሚተወው ዓይነት ቀለበት ይሠራል። ለታንክ ይሁን፤ ለአውሮፕላን ክንፍ አልመርጠውም።

ከዋሽ በፊት የማይዘለል ነገር አለ፤ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነው። እኔ ዘልዬው አውቃለሁ። አንድ ማታ ቸኮልኩና በማት፣ ማለትም በማያንጸባርቅ፣ ቀለም የተቀባ ግራጫ ክንፍ ላይ ዋሹን አሳረፍኩት። መስመሩን ተከትሎ መሮጥ ሲገባው ሶፍት ላይ እንደወደቀ ቀለም ተንሰራፋ። ደንግጬ ጠረግኩት። ባሰበት። የሦስት ሳምንት ሥራ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ሸሚዝ መሰለ። ማት የሆነ ገጽ ለዓይን ልስልስ ይምሰል እንጂ በቅርብ ቢታይ እንደ አሸዋ ወረቀት ሸካራ ነው። የዋሹ ቅንጣቶች ሸካራው ውስጥ ይወሸቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ በጥጥ አይወጡም። አንጸባራቂ ገጽ ግን እንደ መስታወት ነው፤ ፈሳሹ የሚያርፍበት ሲያጣ ወደ ጎድጓዳው ይሮጣል። ዲካሎቹም፣ ማለትም በውሃ እየተነከሩ የሚለጠፉት ምልክቶች፣ የሚፈልጉት ይህንኑ ገጽ ነው። ሸካራ ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ይታፈንና ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መሠረት፣ አንጸባራቂ፣ ዲካል፣ እንደገና ስስ አንጸባራቂ፣ ከዚያ ዋሽ ነው። ቫርኒሹ በደንብ እንዲደርቅ ቢያንስ አንድ ቀን ስጡት።

አንዱን ክንፍ አብረን እንሥራ። 1 እጅ ኢናሜል ወደ 10 እጅ በሚሆን ቲነር አቅጥኑ። ብሩሽ የታጠበበት ቆሻሻ ውሃ ሲመስል ደርሷል። እንደ ታሚያ ያሉ አምራቾች ቀድሞ የቀጠነ፣ ክዳኑ ላይ ብሩሽ ያለው ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ለጀማሪ ደግ ነገር ነው። በቀጭን ብሩሽ ትንሽ ንከሩና ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነካ አድርጉ። ነካ ብቻ፣ መጎተት የለም። ቀለሙ በራሱ ጊዜ ሽው ብሎ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ጋዝ የፋኖስ ክር ላይ የሚወጣበት ኃይል ነው የሚነዳው። መጀመሪያ ያየ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ እኔ እስከዛሬ ፈገግ እላለሁ። ሲቆም ቀጣዩን ማዕዘን ንኩ።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የጆሮ ጥጥ ቲነር አስነክታችሁ ሶፍት ላይ አድርቁት፤ ረጠብ ብቻ እንዲል እንጂ እንዲንጠባጠብ አይደለም። ጠረጋው ሁልጊዜ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፦ ክንፍ ላይ ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ አካሉ ላይ ከአፍንጫ ወደ ጅራት። ሙልጭ ሳይል የሚቀር ስስ ጭረት ይኖራል። በዚህ አቅጣጫ ከሆነ በረራ ላይ ነፋስ የጎተተው ዘይትና አቧራ ይመስላል። በአግድም ከጠረጋችሁት ግን ሰው የጠረገው መሆኑ ያስታውቃል።

ሁሉም መስመር እኩል መጥቆርም የለበትም። የክንፉና የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እውነተኛ ክፍተት አላቸው፤ እነሱ ይጥቆሩ። ዝም ብሎ የተገጣጠመ ቆርቆሮ መስመር ፈዘዝ ይበል። የሞተር ሽፋኖች በየጊዜው ስለሚከፈቱ ቆሸሽ ቢሉ ያምርባቸዋል። ያልተቀባ ፕላስቲክ ላይ ግን ዋሽ አታሳርፉ። የኢናሜል ቲነር ወደ ባዶ ፕላስቲክ ሲሰርግ ያደርቀዋል፤ በተለይ ተወጥሮ የተጣበቀ መገጣጠሚያ ጧ ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለራሳችሁም ቢሆን መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

ሁሉም አውሮፕላን ላይ ዋሽ ይሠራል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ፒ-51 ሙስታንግን እንውሰድ። አየሩ ክንፉ ላይ ሳይረበሽ እንዲያልፍ ሲባል ፋብሪካው የክንፉን የፊት ክፍል መገጣጠሚያዎችና ሪቬቶች (ቆርቆሮውን የሚያያይዙ ሚስማሮች) በስቱኮ ደፍኖ፣ አለስልሶ ይቀባው ነበር። ሞዴሉ ላይ እነዚያን መስመሮች በዋሽ ማጉላት ያልነበረ ነገር መፍጠር ነው። ይልቅስ መስመሮቹን ድፈኗቸው። የብሪታንያው ሞስኪቶ ደግሞ ይብሳል፤ አካሉም ክንፉም እንጨት ነው፣ ላዩ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀባ። የቆርቆሮ መገጣጠሚያ ከየት ይምጣ? እሱ ላይ ዋሹን ለሞተር ሽፋኖቹ፣ ለበሮቹና ለተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ዙሪያ ብቻ አስቀምጡት፤ ቀሪውን ገላ አትንኩት።