«ሴት ሥራ የጀመረችው ነፃ ገበያ ሲመጣ ነው»፦ ስለ እናቶችና ስለ ሥራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ካልን ስለ ሴቶች ሥራ ብዙ ይወራል። አንዳንዱ ወሬ ግን እናቶችን ይጎዳል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ አንድ በአንድ ላንሳ።

«ድሮ ሴቷ ቤት ነበረች፤ ሥራ የወጣችው ገበያው ሲከፈት ነው።»

መንዝ ላይ ሸማኔው ሥራውን ሳይጀምር በፊት የበጉን ፀጉር በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት። ከበግ ፀጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ባናውም ዝተቱም፣ ከእሷ እጅ ይጀምራል። ኩበት ጠፍጥፋ፣ ጠላ ጠምቃ፣ አረም ነቅላ ቤቱን የያዘችውም እሷ ናት። ሥራው የቆየ ነው። የተለወጠው ብሩ ነው። ደርግ የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ፣ ማለትም የመንግሥቱም የግሉም ንግድ አብሮ የሚሄድበትን መንገድ፣ አወጀ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የነፃ ገበያው መንገድ ተያዘ። መስከረም 1985 ላይ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ገባ፤ የብር አቅም ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለጨውና ለበርበሬ ትበቃ የነበረችው የእናት ሳንቲም የቤት ኪራይና የደብተር መግዣም እንድትሆን ተፈለገች።

«ካረገዘች ማሰናበት ይቻላል፤ የወሊድ ፈቃዱም ሦስት ወር ነው።»

ሁለቱም ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ሰው ሦስት ወር የሚለው የቀድሞውን ሕግ ይዞ ነው። እርጉዝ እያለችም ሆነ ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በእርግዝናዋ ምክንያት ውሏን ማቋረጥ ክልክል ነው። እርጉዝ ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ደመወዟ አይቆረጥም። እባካችሁ ይህን ለእህቶቻችሁ ንገሯቸው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋን ግን ይህ አዋጅ አይሸፍናትም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

«የወሊድ ፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው።»

የግል ድርጅት ከሆነ አሠሪው ከራሱ ካዝና ነው የሚከፍለው። ቅጥር ላይ «አግብተሻል? ልጅ አለሽ?» የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

«ፋብሪካ የገቡ እናቶች የሚለቁት ሥራ ስለሚጠሉ ነው።»

ይህኛው ያናድደኛል። ጎረቤቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ የአንዲት ባልቴት በር ላይ ትቆማለች።

«እትዬ፣ ዛሬም ላስቸግርዎት ነው።»

«አምጪው ልጄ፣ ብርድ ሳይመታው።»

ልጁ ገና አራት ወሩ ነበር። ቀን 6 ሰዓት ላይ ጡቷ በወተት ይወጠራል። ሽንት ቤት ገብታ ታልበውና ትደፋዋለች። ልጁ ደግሞ ቤት የላም ወተት ይጠጣል።

እስቲ እናስላው። ጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። ሕጉ ከወለደች በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። መሃል ላይ ሦስት ወር ጎደለ። አዋጁ የግል አሠሪው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅ አያስገድድም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም የለም። ከደመወዙ ላይ ኪራይና ታክሲ ሲነሳ ለሞግዚት የሚተርፍ ነገር የለም። እናቷ እንዳታግዛት ሩቅ፣ መንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ናት።

ባልቴቷ አንድ ክረምት ታመው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሥራዋን ለቀቀች። አለቃዋ «እናንተ እኮ አትቆዩም» አላት።

«አረቄ የምታወጣ እናት ቤቷ ስለሆነች አልተቸገረችም።»

ጎረቤቴ አሁን አረቄ ታወጣለች። የሚከፍላት አሠሪ የለም፤ ስለዚህ ስትወልድ 120 ቀን የሚባል ነገር የለም። እንደ እሷ ያለችው ልጇ ክርስትና ሳይነሳ፣ ማለትም ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሳይሞላት፣ እሳቱ ጋ ትመለሳለች። ትናንት በደጇ ሳልፍ ልጁን አዝላ ኩበት ትጨምር ነበር። ጭሱ በበሩ ይወጣል። ልጁ ጀርባዋ ላይ ያስላል፤ እሷ አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ መታ መታ ታደርገዋለች፣ በሌላው እሳቱን ትቆሰቁሳለች።