«እሳትና ጭድ»፦ ግን እሳቱ የት ነው ያለው?

«ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸው» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ወጣቶች ለብቻቸው ሲያመሹ ይባላል። ተቀራርበው ከቆዩ መቀጣጠላቸው አይቀርም፣ አራርቋቸው ማለት ነው።

አባባሉ የገበሬ ነው። እህሉ ተወቅቶ ከተነሳ በኋላ ጭዱ ለከብት መኖ፣ ለቤት ምርጊት ይከመራል። ክው ብሎ የደረቀ ነው። አንድ ፍም ካረፈበት ሰው ተጠራርቶ እስኪደርስ አመድ ይሆናል። ስለዚህ በጭድ ክምር አጠገብ እሳት ይዞ የሚያልፍ ሰው ይጮኹበታል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። በምሳሌ 6፥27 እሳት በጉያው ታቅፎ ልብሱ የማይቃጠል ማን ነው ይላል። ዮሴፍም የጲጥፋራ ሚስት ስትይዘው ልብሱን እጇ ላይ ትቶ ሸሽቷል። መሸሽ ነውር የለውም።

እኔን የሚከነክነኝ አባባሉን የምንጠቀምበት መንገድ ነው። ቁጣው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ላይ ብቻ ይወርዳል። ጌታ ግን በማቴዎስ 5፥28 የጠየቀው የሚመኘውን ሰው ልብ ነው። ደግሞም ፍላጎቱ ራሱ ርኩስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስትን፣ ለጸሎት ተስማምተው ለጊዜው ካልሆነ በቀር «እርስ በርሳችሁ አትከላከሉ» ብሏቸዋል።

መራቅ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት ሙሴ ጸሊምን እናስታውስ፤ በስንክሳር ሰኔ 24 የሚታሰበውን። ሽፍታ ነበር፣ ኋላ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ መነኮሰ። አጠገቡ ሴት የለችም። በበኣቱ፣ በመነኩሴ ማደሪያው ውስጥ፣ ብቻውን ነው። ሆኖም የዝሙት ሐሳብ እዚያው ድረስ ተከትሎት አላስቀምጥ አለው። ዛሬ በሩን ዘግቶ፣ ሌሊት ከሞባይሉ ጋር የሚታገል ወጣት ይህን ትግል በደንብ ያውቀዋል።

ሙሴ ችግሩን አልደበቀም። ተነሥቶ ወደ ገዳሙ ቄስ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደና ነገራቸው። ወደ በኣትህ ተመለስ ሲሉት «አባ፣ አልችልም» አለ። እርሳቸውም ሰገነት ላይ አውጥተው በስተ ምዕራብ ለውጊያ የተሰለፉ አጋንንትን፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መላእክትን አሳዩት። ከእኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉ አሉት። ያን ጊዜ በርትቶ ተመለሰ።

የንስሐ አባቶችም ወላጆችም እዚህ ላይ ቆም ብንል ደስ ይለኛል። «አልችልም» ብሎ የመጣውን ልጅ አባ ኤስድሮስ አላሳፈሩትም።