«ዘንድሮ 50 መጽሐፍ አነባለሁ» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

መስከረም ሲጠባ ደሴ ላይ አንባቢ ያልሆነ ሰው የለም። የቴሌግራሙ ግሩፕ ይሟሟቃል፣ አንዱ 30 ይላል፣ ሌላው 50፣ የሚወራረዱም አሉ። ኅዳር ላይ ግሩፑን ብትከፍቱት ወፍ የለም። ሰው ሰንፎ አይመስለኝም። ስለ ንባብ ግብ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወሬ ግማሹ ስህተት ነው፣ እስኪ እንያቸው።

«የንባብ ቻሌንጅ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም»

ስሙ ነው የፈረንጅ። ጉድሪድስ የሚባለው ድረ ገጽ በየዓመቱ «ስንት መጽሐፍ ልታነቡ ነው?» እያለ ቁጥር ስለሚያስመዘግብ ብዙዎቻችን ነገሩን ያወቅነው ከዚያ ነው። ግን ወሎ ያደገ ሰው ትልቅ መጽሐፍ ለቀናት ተደልድሎ ሲነበብ እያየ ነው ያደገው። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችን ተመልከቱ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሁድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ሳምንቱ ሲያልቅ መጽሐፉም ያልቃል፣ ሰኞ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

አጥር ተሻግራችሁ ጎረቤት ብትገቡ፣ ወይም እንደ ብዙው የወሎ ቤት እዚያው ቤት ውስጥ ዘመድ ብትጠይቁ፣ ረመዳን ሲገባ ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። ቁርኣን 30 ጁዝ (ክፍል) ነው፣ በቀን አንድ ይነበባል። የመዲናው እትም 604 ገጽ ስለሆነ አንድ ጁዝ ወደ 20 ገጽ ይመጣል። ከአምስቱ ሶላት በኋላ አራት አራት ገጽ ገደማ የሚያነብ ሰው ከወሩ ጋር እኩል፣ ሳይጨነቅ ያኸትማል፣ ቁርኣኑን ይጨርሳል ማለት ነው።

እነዚህን ሰዎች «ዘንድሮ ስንት መጽሐፍ ጨረስክ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ያላቸው የዕለት ድርሻና የታወቀ ሰዓት ነው። የእኛ ግሩፕ የጎደለው እሱ ነው።

«ግብ ማለት የመጽሐፍ ቁጥር ነው»

50 ብሎ የፎከረ ሰው ጥር ላይ ወደ ኋላ መቅረቱ ሲገባው ምን ያደርጋል? ቀጫጭኑን መልቀም ይጀምራል። 80 ገጽ ግጥምም አንድ፣ 600 ገጽ ልብ ወለድም አንድ ተብሎ እስከተቆጠረ ድረስ ወፍራሙን ማን ይነካዋል? የዳዊቱን ድልድል ደግሞ ልብ በሉት፤ የሰኞው 30 መዝሙር ነው፣ የዓርቡ 20 ብቻ። ዓርብ ውስጥ ግን 118ኛው አለ፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ 176 ቁጥር ያለው። በምዕራፍ ብዛት ከቆጠራችሁ ዓርብ ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

እኔ የምመክረው በገጽ ወይም በደቂቃ ማሰብ ነው። የእኛ ካሌንደር ለዚህ ሲባል የተሠራ ይመስላል፦ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በቀን 10 ገጽ በወር 300 ገጽ ነው፣ አንድ ደህና መጽሐፍ ማለት። በ12 ወር 3,600 ገጽ። ጳጉሜ ለውዝፍ ትሆናለች።

ኮምቦልቻ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ በየ10 ገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ቀኑን ትጽፋለች። መጽሐፏን ስትገልጡት «ጥቅምት 4፣ ጥቅምት 5» እያለ ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት «ጥቅምት 11» ይመጣል፣ ያ ሳምንት ለቅሶ ነበር። የምታነበው ማታ ከእራት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ማንበብ ሞክራ ትታዋለች። ያ የደሴና የኮምቦልቻ ጠመዝማዛ በሚኒባስ ውስጥ መጽሐፍ ከፍቶ ላቀረቀረ ሰው ምን እንደሚያደርግ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ፌስታል ያዙ።

«21 ቀን ከታገስክ ልማድ ይሆናል፣ አንድ ቀን ከዘለልክ ግን ከዜሮ»

የ21 ቀኗ ነገር የመጣችው በ1960 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ካሳተመ ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። እሱ ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል ነው። «ቢያንስ» የሚለው መንገድ ላይ ጠፋ፣ አፍንጫ የተስተካከለለትም ሰው ተረሳ፣ ቁጥሩ ብቻ እኛ ጋ ደረሰ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በኋላ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ሌላ ነው የሚለው፤ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል አልጎዳም። ስለዚህ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ መብራት መጥፋት፣ ሁሉም ይመጣል። በማግስቱ 20 ገጽ ካላነበብኩ ብላችሁ ራሳችሁን አትቅጡ፣ የዕለቱን 10 ብቻ አንብቡ።

«የጀመሩትን መጽሐፍ መተው ነውር ነው»

ማን አለ? 50 ገጽ ድረስ ታገሱት፣ ካልያዛችሁ ለሌላ ሰው ስጡት።

«ትረካ መስማት ንባብ አይደለም»

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር የሰማ ሰው ታሪኩን አያውቀውም ልትሉት ነው? ለልብ ወለድ፣ ቡና እየቆሉ ወይም ልብስ እያጠቡ መስማት እንደ ንባብ ይቆጠርላችሁ፣ እኔ ፈቅጃለሁ። ለፈተና የሚጠና ነገር ከሆነ ግን ወደ ኋላ ገለጥ እያደረጋችሁ የምታዩት ይሻላል።

«ዋናው ፍጥነት ነው»

ዩቲዩብ ላይ በሰዓት መጽሐፍ ጨርሱ የሚሉትን እለፏቸው። ምርምሮቹን ገምግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ እንደሚለው ፍጥነት በጣም ሲጨምር መረዳት ይቀንሳል። የቆሎ ተማሪ ንባብ ቤት ገብቶ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ በደረጃ የሚያልፈው በምክንያት ነው፤ አቀላጥፎ የሚነበበው ቁም ንባብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

«መጽሐፍ ውድ ነው፣ ግብ ማውጣት ለሀብታም ነው»

ውድ መሆኑስ እውነት ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እንደ ዕቁብ አምስት ሰው ሆናችሁ አንድ አንድ መጽሐፍ ብትገዙና በየወሩ ብትለዋወጡ በአንዱ ዋጋ አምስት ታነባላችሁ። ስካን ተደርጎ ግሩፕ ላይ የሚበተነው ፒዲኤፍ የደራሲውን እንጀራ የሚነጥቅ ነው፣ በዚያ ላይ አይን ያደክማል። ደንቡ ላይ ግን ከመጀመሪያው ተስማሙ፦ የወሩ መጨረሻ ላይ ያልመለሰ ሰው ቀጣዩን ቡና ያፈላል፣ ከነቆሎው።