አባቱ በጠራቸው ስም ጠራቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነሐሴ 28 የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ በዓል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስለ አባቶች ጥቂት አስተማርኩ። ጉባኤው ተበትኖ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት እህት ቀረበችኝ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ስልኳን ከፍታ ሰው የላከላትን መልእክት አሳየችኝ። «የይስሐቅ መቶ እጥፍ ዘንድሮ የአንቺ ነው። አሜን ብለሽ ለ10 ሰው ላኪ» ይላል።

«መምህር፣ አሜን ብያለሁ፤ ልኬማለሁ። መቼ ነው የሚደርሰኝ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ቀስ ብዬ ስጠይቃት ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ለዓመታት የነገደችበትን ቦታ ጎረቤቷ ገፍቶ ወስዶባታል። ሁለቱም የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እሷም በቂም ምክንያት ከሥጋ ወደሙ ርቃለች።

በእሷ አላዘንኩም። ያዘንኩት እንዲህ አድርገን ባስለመድናት በእኛ ነው። የአባቶችን ሕይወት እንደ ሎተሪ ቲኬት ቆርጠን እንሸጣለን። ዘፍጥረት 26፥12ን ሰጠናት፤ ከቁጥር 13 ጀምሮ ያለውን ግን ማን አነበበላት?

እስቲ አብረን እናንብበው። ይስሐቅ ዘርቶ መቶ እጥፍ ያገኘው አገር በራብ በተመታበት ጊዜ ነው። በረከቱ ወዲያው ምቀኛ አመጣበት። ፍልስጥኤማውያን አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው ደፈኑ። ንጉሡ አቢሜሌክም «ከእኛ ዘንድ ሂድ» አለው። መቶ እጥፍ ያፈሰ ሰው ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ጌራራ ሸለቆ ወረደ።

ጉድጓድ መድፈን ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማችን የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ቧንቧው ሲጠፋ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ሲያድር ያላየ የለም። በዚያ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ከብት ይዞ ውሃ የተደፈነበት ሰው ምን ያደርጋል?

ቁጥር 18 ይነግረናል። በአባቱ ዘመን የተቆፈሩትን፣ በኋላም የተደፈኑትን ጉድጓዶች እንደገና አስቆፈረ፤ አባቱ በጠራቸውም ስም ጠራቸው።

ይህን ቃል እወደዋለሁ። ስለ ይስሐቅ ሲሰበክ ሁልጊዜ የምንሰማው እንጨት ተሸክሞ ወደ ተራራው መውጣቱን ነው። የክርስቶስ ምሳሌ ነውና ይገባል። ግን ያ ልጅ አድጎ አካፋ ሲይዝ ብዙም አንከተለውም። ከአባቱ ከብትና ድንኳን ወርሷል። ውሃውን ግን በላብ ነው ያገኘው። አባትህ የጠጣበት ጉድጓድ ለአንተ ተደፍኖ ሊቆይህ ይችላል። ቦታውን ታውቃለህ፣ ስሙን ታውቃለህ፤ መቆፈሩ የአንተ ድርሻ ነው።

ልጆች ሳለን ወደ ደቻቱ ወንዝ ወርደን አሸዋውን በእጃችን እንጭር ነበር። ላዩ እግር ያቃጥላል። ክንድ ያህል ስትገባ አሸዋው ይረጥባል፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃ ያቀረዝዛል። መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ነው። በጣሳ እየጨለፍክ ትደፋለህ። ከዚያ ይጠራል። ዛሬ ዳዊት መድገም የጀመረ ወጣት በ3ኛው ቀን «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ሲተው ያ አሸዋ ትዝ ይለኛል። ልጄ፣ ገና ድፍርሱን እየጨለፍክ ነው። እናትህ ሌሊት ተነሥታ የምትደግመው ውዳሴ ማርያም፣ አያትህ የሚጾሙት ጾም፣ የንስሐ አባት፤ ጉድጓዶቹ እነዚህ ናቸው። አዲስ ስም አታውጣላቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይስሐቅ በዚያው ምዕራፍ የአባቱን ስሕተትም ደግሞታል። አብርሃም በግብፅም በጌራራም ሣራን «እኅቴ ናት» ብሎ ነበር። ልጁም እዚያው ጌራራ ርብቃን «እኅቴ ናት» አለ። መጽሐፍ አልሸፈነለትም። ስለዚህ «አባቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል» ብላችሁ የምትይዙትን ሁሉ መርምሩ። የአባት ውሃ አለ፤ የአባት ፍርሃትም አለ።

ወደ ጠቡ ልመለስ። የይስሐቅ ሎሌዎች በሸለቆው የሚመነጭ ውሃ አገኙ። የጌራራ እረኞች «ውሃው የእኛ ነው» አሉ። ስሙ ዔሴቅ ተባለ፤ ክርክር ማለት ነው። ሌላ ቆፈሩ፤ በእሱም ተጣሉ። እሱን ስጥና አለው፤ ጠላትነት ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ ከሰይጣን ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ይስሐቅ ከዚያም ተነሣ። ሦስተኛው ላይ የተከራከረው አልነበረም፤ ርኆቦት አለው፤ «አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን» ብሎ። ግእዝ የተማራችሁ «ርሒብ» ሰፊ መሆኑን ታውቃላችሁ።

እኔ ዔሴቅ ላይ 3 ዓመት ተቀምጫለሁ። ከብዙ ጊዜ በፊት በአንድ ማኅበር የማስተምርበት መርሐ ግብር ለሌላ ወንድም ተሰጠ። እውነትም በደል ነበረበት። ግን ያን በደል እያወራሁ፣ ምስክር እየሰበሰብኩ 3 ዓመት አለፈ። ለአንዲት ነፍስ እንኳ አንድ ኩባያ ውሃ አልቀዳሁም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። አሁን ደግሞ በየጽዋ ማኅበሩ የማየው ይኸው ነው። በገንዘብ ያዥነት ይጣላሉ፤ በመቀመጫ ይጣላሉ። ጽዋው መሐል ተቀምጦ ሰዎቹ ግን ሰላም አይባባሉም። ወገኖቼ፣ ለማን ልንተወው ነው ይህን?

ለእህታችን መብትሽን ተዪ አላልኳትም። ሽማግሌም ዳኛም አለ፤ ትጠይቅ። ያልኳት ከቁጥር 12 እስከ 33 ቤቷ ሄዳ ቀስ ብላ እንድታነብ ነው። ዝም ብላ ቆይታ «ሦስተኛውንም ቢወስዱብኝስ?» አለችኝ።

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ይስሐቅም ሳይፈራ አልቀረም። በቤርሳቤህ ሌሊት እግዚአብሔር ተገልጦ «አትፍራ፣ እኔ ከአንተ ጋር ነኝ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦ መጀመሪያ መሠዊያ፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ ጉድጓድ። ያባረረው አቢሜሌክ ራሱ ሊታረቅ መጣ። ይስሐቅ «ጠልታችሁኝ ሳለ ለምን መጣችሁ?» ብሎ የልቡን ተናገረ። ከዚያ ግብዣ አደረገላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ፤ ሲነጋ ተማምለው በሰላም ሸኛቸው። በዚያው ቀን ሎሌዎቹ መጥተው «ውሃ አገኘን» አሉት።

ጳጉሜን ገብቷል። ሩፋኤል ሲደርስ ጸበል ብለን ዝናብ ላይ እንቆማለን። ከዚያ በፊት በዚህ ዓመት የተጣላነውን አንድ ሰው እናስብ። ደጁን እናንኳኳ። እህታችንንም በጸሎት አስቧት፤ ጎረቤቷንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።