የኖክ ሴንሰር ብልሽት ምርመራ በጅማ

ኖክ ሴንሰር የሞተር ጆሮ ነው። በቡሎን ከሞተሩ ብሎክ ጋር ይታሰራል፤ ውስጡ ንዝረት ሲነካው ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሴራሚክ አለ። ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ የቀረው ቤንዚንና አየር በራሱ ሲፈነዳ፣ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ሴንሰሩ ይህን ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ፒስተኑም ከመበሳት ይድናል። አብዛኛው አሮጌ የናፍጣ መኪና ይህ ጣጣ የለበትም።

ሴንሰሩ ሲበላሽ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነርም ብዙ ጊዜ ፒ 0325 የሚል ኮድ ያሳያል። ቶዮታ ላይ ኮምፒውተሩ መስማት ሲያቅተው ለጥንቃቄ ብሎ እሳቱን እስከ መጨረሻው ያዘገየዋል፤ ጉልበት የሚጠፋውና ቤንዚን የሚበላው ለዚህ ነው። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከሄርማታ መርካቶ ስትመላለሱ ላይታወቃችሁ ይችላል። የሚያጋልጠው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ነው፣ በተለይ ጊቤ በረሃ ወርዳችሁ ዳገቱን በሙሉ ጭነት ስትወጡ።

አሁን ዋናው ነገር። ኮዱ «ሴንሰሩ ሞቷል» አይልም፣ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው። እኔ ራሴ ቪትዜ ላይ ሁለት ሴንሰር ከቀየርኩ በኋላ ነው የተበላች ሽቦ የተገኘችው፤ ያ ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ላቫጆ ላይም ሞተሩን በግፊት ውኃ ያጥቡታል፣ ሶኬቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ፒኑን ያዝገዋል። አይጥም ሽቦ ትበላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀልና ይታይ፣ ሽቦውም በእጅ ይዳሰስ።

ቀጥሎ ቡሎኑ። ላልቶ ከታሰረ አይሰማም፣ ከልክ በላይ ከጠበቀም ይሳሳታል። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋው ዓይነት ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚታሰረው በ20 ኒውተን ሜትር ነው፤ የዚህኑ ዓይነት ሁለት ፒን በቴስተር ስትለኩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከ120 እስከ 280 ኪሎኦም ካሳየ ሴንሰሩን ለመጣል አትቸኩሉ። ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ብሎክ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ አድርጎ ስካነሩ ላይ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ሲቀንስ፣ ማለትም እሳቱ ሲዘገይ፣ ማየትም ይቻላል፣ ሁሉም መኪና ላይ ባይሠራም። ይህን ሁሉ የምለው ብዙ ሞተሮች ላይ ሴንሰሩ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማኒፎልድ ስር ስለሚደበቅ ነው፤ መፍታቱ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል።

ኮድ ሳይኖር ድምፁ ብቻ ካለስ? ያኔ ሴንሰሩን ተዉት፣ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ የተገዛው ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ይሆናል፤ ወይም ሞተሩ ግሎ፣ ካርቦን ይዞም ይሆናል።

ከጥገና በኋላ ኮዱን አጥፍታችሁ መኪናዋን ወደ ጅሬን ዳገት አውጧት። ኮዱ ተመልሶ ከመጣ ቀሪው ሥራ እስከ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ሽቦ መፈተሽ ነው።