ደብረ ማርቆስን በኪራይ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚነዳ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ይበላል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ያልፋል። መኪና ተከራይቶ በራሱ ሰዓት የሚጓዘው እንኳ ከዋናው መንገድ አይወጣም። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ጉዞ ደጋግሜ ከምሰማቸው ነገሮች አንዳንዶቹን ላርም።

«ደብረ ማርቆስ ማለፊያ ናት፤ የሚታይ ነገር የላትም»

በፍጹም። መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ነግሠው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ግን ዐድዋ ላይ ከዚያው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ይህን የሚያክል ታሪክ ያለበትን ከተማ በመስኮት አይቶ ማለፍ ግፍ ነው።

የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በእሳቸው ዘመን ነው፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። የውስጡን ሥዕሎች ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ካህናቱን አስፈቅዱ፣ ጫማችሁን አውልቁ። ከዚያ የንጉሡን ቤተ መንግሥት እዩ። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በኋላ በአውሮፓ አሠራር አሻሽለውታል። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት የደረሱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው።

ለዚህ ሁሉ መኪና አያስፈልጋችሁም። ሆቴል ግቢ አቁሙት። በእግር ሂዱ፤ ሲደክማችሁ ባጃጅ ያዙ።

«300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሦስት ሰዓት እገባለሁ»

ርቀቱ ልክ ነው፤ ሰዓቱ ግን አይደለም። አምስት፣ ስድስት ሰዓት ያዙለት። ምክንያቱ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከፊታችሁ ከባድ መኪና እያቃሰተ ይሄዳል፤ ለመቅደም ቦታ የለም። አስፋልቱም መሬቱ ስለሚንሸራተት ቦታ ቦታ ላይ ተጣጥፏል።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። ገና ከላይ 2ኛ ማርሽ አስገቡ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝላችኋል። አውቶማቲክ ከሆነም «ዲ» ላይ አትተዉት፣ ወደ «ኤል» ወይም ወደ «2» አውርዱት። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ይብረድ። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ መድፋት ዲስኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ወደ ደጀን ሽቅብ ስትሉ ደግሞ ዓይናችሁ የሙቀት ጌጁ ላይ ይሁን። ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፤ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኩ።

«ጉግል ማፕ መንገዱን ካሳየኝ ይበቃል»

አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ካርታ ይህን አይነግራችሁም። በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችንና እዚያ ያለ ዘመድ ወዳጅ ጠይቁ፤ ዛሬ ጠዋት ደህና ነው ወይ በሉ፣ ባለፈው ሳምንት የሰማችሁት አይሠራም። ደህና አይደለም ካሏችሁ ቅሩ። ደህና ነው ቢሏችሁም ጀምበር ሳትጠልቅ ግቡ።

«ጎጃም ለመሄድ ላንድክሩዘር ግድ ነው»

ዋናው መንገድ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ አልፎ እስከ ባሕር ዳር አስፋልት ነው፤ ደህና አውቶሞቢል ይበቃል። ጮቄ እወጣለሁ ካላችሁ ግን ሌላ ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት ጭቃው አያስኬድም፤ ያኔ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያስፈልጋል።

«ሾፌር ያለው ኪራይ ነፃነት ያሳጣል»

እኔ እንደሚመስለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በረሃውን ለሚሻገር ሰው ከሾፌር ጋር መከራየቱ ይሻላል። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር የት ቀስ እንደሚባል፣ የት እንደሚበላ ያውቃል። ነፃነት የሚያሳጣው ያልተነጋገራችሁበት ነገር ነው። ነዳጁን ማን ይችላል? የሾፌሩ አበልና ማደሪያስ? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? ጮቄ ወይም መርጡለ ማርያም ለመሄድ ካሰባችሁ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ። ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ስኮርታውን በእጃችሁ ተጫኑት፣ ክሪኩ መኖሩን እዩ፣ ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን ጠይቁ፣ በመኪናው ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ አከራዩ ባለበት ፎቶ አንሱት።