ሽሊረን ምንድን ነው? አየርን በምላጭ ማየት

ቡና ሲፈላ ከከሰሉ በላይ አሻግራችሁ ግድግዳውን እዩት። ይንቀጠቀጣል። ቀትር ላይ አስፋልቱም እንደዚያው። ግድግዳው ግን የትም አልሄደም፤ የሚተራመሰው በመሃል ያለው አየር ነው። ሽሊረን ይህንኑ አጉልቶ በካሜራ የማሳያ ዘዴ ነው። ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ መስታወት ውስጥ የሚታይ ሰንበር እንደ ማለት።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣ የፊዚክስ ተማሪ ሲያማክረኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። ሌዘር አይፈልግ፣ ውድ ሌንስ አይፈልግ። ጥሩ ስርጉድ መስታወት፣ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ ስልክ እና የጢም ምላጭ። አዎ፣ ምላጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን አየር ውስጥ ሲያልፍ በባዶ ቦታ ከሚሄደው ትንሽ ይዘገያል። ፍጥነቱ ለ1.0003 ቢካፈል ነው፤ ከቁጥር የማይገባ። አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፣ ያቺው ትንሽዬ መዘግየትም ትቀንሳለች፤ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በክፍል ሙቀት ከነበረችው ግማሽ ገደማ ብትቀር ነው። ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር በሚገናኙበት ላይ ታዲያ ብርሃኑ እፍኝ የማትሞላ መታጠፍ ይታጠፋል። ዓይናችን አይለያትም። ምላጩ ይለያታል።

መስታወቱን አቁሙት። የትኩረት ርቀቱ (ከሩቅ የመጣ ብርሃን የሚሰበሰብበት ርቀት) 1 ሜትር ከሆነ መብራቷን 2 ሜትር ላይ አድርጉና በመርፌ በተበሳ ፎይል ሸፍኗት። ብርሃኑ ሄዶ፣ መስታወቱ ላይ ነጥሮ፣ እዚያው መብራቷ ጎን ተመልሶ የጤፍ ፍሬ በምታክል ነጥብ ይሰበሰባል። የምላጩን ስለት እዚያች ነጥብ ላይ ግማሿን እስኪቆርጥ አስጠጉ። ስልኩ ከምላጩ ኋላ ሆኖ መስታወቱን ያያል። አሁን መስታወቱ ፊት ሻማ ለኩሱ። ሙቀቱ ወደ ምላጩ ያጠፈው ጨረር እዚያው ይቀራል፣ ቦታው ይጠቁራል። በተቃራኒው የታጠፈው ያመልጣል፣ ቦታው ይፈካል። ከነበልባሉ በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አየር፣ ከፍ ሲል ደግሞ የሚጠማዘዝ፣ ስክሪናችሁ ላይ ቁልጭ ይላል። ሻማውን አንስታችሁ መዳፋችሁን ብቻ ዘርጉ፤ ከጣቶቻችሁ የሚነሳውም ሙቀት ይታያል።

በወሬ ቀላል ነው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በመላጫ መስታወት ነበር፤ ያየሁት የራሱን የመስታወቱን ወልጋዳነት ብቻ ሆነና ሁለት ሳምንት ጠፋብኝ። የቴሌስኮፕ መስታወት ያስፈልጋል። ማስተካከሉም ትዕግስት ይጠይቃል። ምልክቱ ይቺ ናት፦ ምላጩን ስታስገቡ ምስሉ በሙሉ እኩል ከደበዘዘ ቦታው ላይ ናችሁ፤ ጥላው ከአንድ ጎን ከገባ ግን ምላጩ ከነጥቡ ቀድሟል ወይም አልፏል። በሩንም ዝጉ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ነፋሱን ይዞባችሁ ይገባል።

የዘዴው ባለቤት ተብሎ የሚጠራው ጀርመናዊው አውጉስት ቶፕለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1864። ኤርንስት ማክ እና ፒተር ዛልከር ደግሞ በ1887 ከድምፅ የፈጠነ ጥይት ከፊቱ የሚገፋውን የአየር ማዕበል በፎቶ አሳይተዋል። ዛሬ አውሮፕላን በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲበር «ማክ 2 በረረ» ስንል የሰውየውን ስም እየጠራን ነው።

ቆንጆ ፎቶ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ግን አማካሪው «እና?» ይለዋል፣ ልክም ነው። ፕሮጀክት የሚሆነው ስትለኩበት ነው። ለምሳሌ ጥቁረቱና ፍካቱ ምን ያህል ለውጥ እንዳሳየ ከፒክሰሎቹ አንብቡና ብርሃኑ ስንት እንደታጠፈ፣ ከዚያም አየሩ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ አስሉ። ቀጥሎ ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ) ከሻማው በላይ አስገቡና አወዳድሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ አትደንግጡ፤ ለምን እንዳልተስማሙ የምትጽፉት ክፍል ብዙ ጊዜ ከውጤቱ ይበልጣል።

መስታወት ካጣችሁም መላ አለ። ነጥቦች የተበተኑበት ወረቀት አትማችሁ ከሻማው ኋላ ለጥፉ፤ አንድ ፎቶ ሻማው ሳይበራ፣ አንድ በርቶ፣ ከዚያ ነጥቦቹ የት የት እንደተንሸራተቱ ኮምፒውተሩ ያወዳድር። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው የሁለት ቲ-38 ጄቶች የአየር ማዕበል ፎቶም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እነሱ በወረቀቱ ፋንታ በረሃውን ነው ጀርባ ያደረጉት። ስልኩን ብቻ በእጃችሁ አትንኩት፤ በሰዓት ቆጣሪው አንሱ፣ አለዚያ የምትለኩት የገዛ እጃችሁን መንቀጥቀጥ ይሆናል።